የገብረ ኪዳን ማጭድና የፈረንጁ ቀጋ

ወሬው እንዲህ ነው። የጣሊያኑ አዛዥ የኮማንዳንቴው አትክልተኛ አቶ ገብረ ኪዳን፣ ከጫካ በመጣላቸው ምስጢራዊ ትእዛዝ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በአባታቸው ጎራዴ፣ የጣሊያኑን ስድስት የአበባ ቁጥቋጦዎች አንገት አንገታቸውን ቀሉ። ቅርንጫፉንም ለአርበኞች ምልክት እንዲሆን በየድሃው ጓሮ አስተከሉ። ሲገረፉ ደግሞ የአንድ ሰው ስም ሳያወጡ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉ። ወሬው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ አምበር ሲደርስ ቁጥቋጦዎቹ ስድሳ ሆኑ። ጉንደ ወይን ሲደርስ ከጎራዴው እሳት ይፈልቅ ጀመር። ሮብ ገበያ ላይ ደግሞ አቶ ገብረ ኪዳን ያን ቀን በነጭ ፈረስ ተቀምጠው እንደ ነበር በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ተገኝቷል።

እኔ አላመንኩም። ፈረሱንና እሳቱን ትተን፣ ወሬውን ለማፍረስ አንዲቷ ቃል ትበቃለች፤ «ዝም አሉ» የምትለዋ። ሰውዬውን ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ ዝም ሲሉ አንድ ቀን አላየሁም።

እንደ እርሳቸው ያለ ሰው የሌለበት መንደር የለም። ሌላው ሰው ዛፍ ሲያይ ጥላ ይታየዋል፣ ወይ ፍሬ ይታየዋል፣ ቢብስ ማገዶ ይታየዋል። እነዚህኞቹ ግን ዛፍ ሲያዩ የሚታያቸው ትርፉ ብቻ ነው። በእነርሱ እምነት ፈጣሪ ዕፅዋትን ሁሉ ሲፈጥር አንድ ክንድ አስረዝሟል፤ ያንን አንድ ክንድ ማሳጠር ለእነርሱ የተተወ ሥራ ነው። ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ ሳይጠየቁ ይመክራሉ፣ ሳይፈቀድላቸው ይቆርጣሉ። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ምስጋና ይጠብቃሉ።

የእኛው ሊቀ ማጭድ፣ ርእሰ ከርካሚያን፣ አቶ ገብረ ኪዳን፣ ትውልዳቸው ከአምበር በታች ካለ የጌሾ መንደር ነው። አባታቸው ጌሾ ተካይ፣ አያታቸውም ጌሾ ተካይ ነበሩ። ጌሾ ታጋሽ ተክል ነው፤ በበጋ እስከ ጉልበት ቢቆርጡት ክረምት ሲመጣ እጥፍ ሆኖ ይነሣል። ሰውዬው ከዚህ ከአንድ ተክል ጠባይ ተነሥተው ለዓለም ዕፅዋት ሁሉ ሕግ ደነገጉ። ሕጉም ይህ ነው፦ «ቁረጠው፣ ያመሰግንሃል።»

ጎረቤቴ ታረቀኝ አንድ የኮክ ዛፍ ነበረው። አበባው ገና እንቡጥ ሳለ ሕጉ ተፈጸመበት። ሦስት ዓመት ሙሉ ታረቀኝ ኮክ አልቀመሰም። «አያ ገብረ ኪዳን፣ ኮኬ ከምን ደረሰ?» ሲላቸው፣ «ሥሩ እየጠነከረ ነው» ይሉታል። በአራተኛው ዓመት ዛፉ ደርቆ ተገንድሶ ወደቀ። እርሳቸው መጥተው የተነቀለውን ሥር በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉና፣ «አየህ ጥንካሬውን?» አሉት።

ወይዘሮ የብርጓል፣ እኛ ሥራ ፈቶች ተቀምጠን ከተማውን የምናማበት ሻይ ቤት ባለቤት፣ በራፏ ላይ ጤና አዳም ተክላ ነበር። አቶ ገብረ ኪዳን አንድ ቀን ጤና አዳም የገባበት ሻይ አዘዙ። ውሃው እስኪፈላ እጃቸው ሥራ ፈታና ጤና አዳሙን ከነአንገቱ ጨረሱት። ሻዩ ሲመጣ ቀምሰው፣ «ምነው የብርጓል፣ ዛሬስ ጣዕም የለውም» አሉ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የለቅሶው ነው። ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሲያጽናና እርሳቸው ከጓሮ ጠፉ። ስንፈልጋቸው የሟቹን የግራር አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አድርገው ጨርሰው ላባቸውን ይጠርጋሉ። «ምነው አያ ገብረ ኪዳን?» ብንላቸው፣ «በሕይወት ሳለ እምቢ ብሎኝ ነበር» አሉን። ከዚያ ወዲህ በየማኅበሩ ከአጠገባቸው የሚቀመጥ ጢማም ሁሉ ጢሙን በጋቢው መሸፈን ለመደ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ጣሊያን ገባ። ወደ እኛ የተላከው ኮማንዳንቴ ከቢሮው በር እስከ ቢሮው አጥር ድረስ ያለውን አገር ጸጥ አድርጎ ይገዛ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የሌሎች ነው። በዚያችው በሚገዛት አገር ላይ የእናቱን ቤት የሚያስታውስ ነገር ሊተክል አሰበና፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ ስድስት ችግኞች በካሚዮን አስመጣ። አስተርጓሚው እንዳላማው ስሙ ኮቶኞ ነው አለን። እኛ እሾሁንና ፍሬውን አይተን የፈረንጅ ቀጋ አልነው።

የዚህ ቁጥቋጦ ጠባይ እንዲህ ነው፦ በበጋ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ እንደ ሞተ መጥረጊያ ይቆማል። ሞቷል ብለው ተስፋ ሲቆርጡ፣ አምና በበቀለው እንጨት ላይ ምስር የሚያህል እንቡጥ ያወጣል። ምስሩ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ከዚያ አንድ ቅጠል ሳይኖር በባዶው እንጨት ላይ እንደ በርበሬ የቀላ አበባ ይፈነዳል። በመጀመሪያው ዓመት ከስድስቱ በአንዱ ላይ ሦስት አበባ ወጣ። ኮማንዳንቴው ወንበር አስወጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እንዳላማው እንደ ነገረን ጣሊያኑ አለቀሰ። ከሦስቱ አንዱ ፍሬ ሆነ፤ ቢጫ፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ሽታው ግን ቤት የሚሞላ። ጣሊያኑ ከመሐረቦቹ መካከል አስቀምጦ ያሸተው ነበር። እንዳላማው ሰርቆ ነከሰውና ሦስት ቀን ፊቱ አልተፈታም።

አቶ ገብረ ኪዳን ቁጥቋጦዎቹን ከአጥር ውጭ ሆነው አዩ። ሦስት ቀን እየተመላለሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ሰላይ መስለዋቸው ያዟቸውና ኮማንዳንቴው ፊት አቀረቧቸው።

«ምን ታያለህ ይልሃል» አላቸው እንዳላማው።

«እነዚህ ታመዋል በለው።»

ጣሊያኑ ደነገጠ። በዚያው ዕለት አትክልተኛ አድርጎ ቀጠራቸው። ልማር ሳይሉ ሊቅ፣ ልግባ ሳይሉ ሎሌ ሆኑ። እኛም ሻይ ቤት ውስጥ ፊት ነሣናቸው። ሲገቡ አግዳሚው ይሞላል፣ ሰላም ሲሉ ሁሉም ያስለዋል። የጣሊያን አበባ አጠጪ የሚል ስም ከሰጧቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እርሳቸው ግን መገፋታቸውን ልብ አላሉትም፤ ቆመው ስለ ቀጋው ያወሩናል።

እውነት ለመናገር እንክብካቤያቸውን የሚያህል አልነበረም። ፍግ ከበረት ተሸክመው ያመጣሉ፣ አመድ ይነሰንሳሉ፣ ማለዳ ማለዳ በጣሳ እየለኩ ያጠጣሉ፣ ትሉን በጥፍራቸው ይለቅማሉ፣ ከሥር የሚወጣውን ቡቃያ ይነጫሉ። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ መሬት አስተኝተው ድንጋይ ይጭኑበትና ሥር እስኪሰድ ይጠብቃሉ። ቁጥቋጦዎቹ ከሰው ደረት ደረሱ። ጣሊያኑ ደስታውን አልቻለውም። ከዚያ ጥምቀት አለፈ። አቶ ገብረ ኪዳን አንድ ጠዋት ወደ ቅርንጫፉ ተጠግተው ቢያዩ፣ እንጨቱ በጥቃቅን እብጠት ተወርሯል።

«ኪንታሮት» አሉ። ማጭዳቸውን ሳሉና ስድስቱንም እንደ ጌሾ እስከ ጉልበት አወረዷቸው።

በዚያ ዓመት አበባ የለም። ኮማንዳንቴው በእንዳላማው በኩል ለፍልፎ አስረዳቸው፤ ይህ ተክል አበባው ከረገፈ በኋላ እንጂ ከማበቡ በፊት አይቆረጥም፤ ያ እብጠት ራሱ አበባው ነው። አቶ ገብረ ኪዳን በትዕግሥት አዳመጡና፣ «እጅ የሚታጠበው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ጠየቁት። እንዳላማው ይህን ወደ ጣሊያንኛ ሊመልሰው ሲጀምር ተወው። ጣሊያኑ ከአገሩ የመጣ ምርጥ መቀስ ሰጣቸው። እርሳቸው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሥራነሽ ሰጧት፤ እርሷም በግ ትሸልትበት ጀመር።

በተከታዩ ዓመት ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። በየካቲት መጀመሪያ አንድ ጄኔራል ይመጣል ተባለ። ኮማንዳንቴው አገሩ ጸጥ ብሏል የሚል ደብዳቤ ልኮለት ኖሯል። ማስረጃ ያደረገውም አበባውን ነው፤ የአገራችን አበባ በጎጃም መሬት ላይ ተቀብሎ ያጅብዎታል ብሎት ነበር። ከዚያ አቶ ገብረ ኪዳንን አስጠርቶ፣ አበባው ለዚያ ቀን ካልፈነዳ አንተን አሰቅልሃለሁ አላቸው። ይህን እንዳላማው ያለ ማጋነን ተረጐመው፤ ማጋነንም አላስፈለገው።

ወይዘሮ ሥራነሽ ሻይ ቤት ድረስ መጣች። ከዚያ በፊት ደፍ ረግጣ አታውቅም።

«እናንተ ወንዶች፣ እባካችሁ ምከሩልኝ። አንድ ዓመት ብቻ እጃቸውን ይሰብስቡ። እኔ የጓሮዬን ጐመን፣ የደጄን ጽድ፣ ከፈለጉ ጠጉሬን ይቁረጡኝ።»

ቤታቸው ሄድን። ያን ያህል ያማናቸው ሰዎች አንድ ላይ ሆነን ለመንናቸው። ወይዘሮ ሥራነሽ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ «አንቱ ሰው፣ ልጆቼን አባት አያሳጡብኝ» አለች። አቶ ገብረ ኪዳን ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ ማጭዳቸውን አውጥተው አስረከቧት። እርሷ ጎታ ውስጥ ከጤፉ ሥር ቀበረችው። እኛም ሰው ከመሰቀል አዳንን ብለን እየተደሰትን ተመለስን።

ጥር ገባ። ስድስቱ ቁጥቋጦዎች ቅጠላቸውን አራገፉ። እንቡጡ ወጣ፤ እንደ ምስር፣ ከዚያ እንደ ሽምብራ ሆነ። ጫፉ መቅላት ጀመረ። ሻይ ቤት ውስጥ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረም። «ዛሬስ?» «ዛሬም አልነኳቸውም።» «ፊታቸውስ?» «ከስቷል።» እውነትም ከስተው ነበር። እህል አልወርድ ብሏቸዋል አሉ። ከታመመ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ መድኃኒት እንዳይሰጥ የተከለከለ አባት ይመስሉ ነበር።

በጥር ማርያም ማግስት ረፋዱ ላይ ቤቴ መጡ።

«ማጭድህን አውሰኝ።»

ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። እንግዳ ተቀምጦብኝ ስለ ነበር በእጄ ወደ ግድግዳው አሳየኋቸው። ስለዚህ ሰው የምጽፈውን ሁሉ የሚያነብ ሰው ይህንንም አብሮ ይያዝልኝ፤ ማጭዱ የእኔ ነበር።

በቀትር፣ አስካሪዎቹ ምሳ እየበሉ፣ ስድስቱንም አወረዷቸው። «ኪንታሮቱ ደም ቋጥሮ ነበር» አሉ በኋላ፤ «አንድ ሳምንት ብዘገይ ይፈነዳ ነበር።» በዚህ ብቻ ከጣሊያኑ ጋር ተስማምተዋል። ከዚያ ያን ሁሉ እሾሃም ቅርንጫፍ ለመጣል ሳሱ። በአጥሩ በኩል ለሚያልፉ ሴቶች፣ «ኑ ውሰዱ፣ ዶሮ ከጐመን ይከለክላል» እያሉ አደሉት። የከተማው ሴት ሁሉ እቅፍ እቅፍ አድርጋ ወስዳ በመስኖ በራሰ መደቧ ዙሪያ ሰካችው። የብርጓልም ዶሮ ውሃዋን እንዳይበክልባት በእንስራዋ አፍ ላይ አቆመችው። ለእኔም አንድ እቅፍ አመጡልኝ፤ ለማጭዱ ውለታ።

ኮማንዳንቴው በዚያ ሰሞን ጄኔራሉን ለመቀበል መንገድ ላይ ነበር። ሲመለስ ከእንግዳው ጋር በአንድ አውቶሞቢል ነው የመጣው። አሁን ተክሉ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። የተቆረጠው እንጨት እግሩ እርጥበት ሲያገኝ መሞቱን አላወቀም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቡጡን ሁሉ አፈነዳ። ጄኔራሉ ወደ ከተማው ሲገባ በየጐመኑ መደብ፣ በየነጭ ሽንኩርቱ ዳር፣ በየዶሮው ቆጥ ሥር፣ በወይዘሮ የብርጓል እንስራ ላይ ሳይቀር የአገሩ አበባ በርበሬ መስሎ ቀልቷል። አውቶሞቢሉን አስቁሞ በደስታ አጨበጨበ። ኮማንዳንቴው ምንም ሳይገባው አብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ ቢሮው ደረሱ። በሩ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ጉቶ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ከተማው ሁሉ አበባህን ሲይዝ፣» አለው ጄኔራሉ፣ «ላንተ ምን ቀረልህ?»

ቀጥሎ የሆነውን የነገረን እንዳላማው ነው፤ መካከላቸው ቆሞ ስለ ነበር ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለም። ጄኔራሉ ስቆ ስለ ነበር ገመዱ ቀረ። ኮማንዳንቴው ግን ማን እንዳዘዛቸው ለማወቅ ፈለገ።

«ማን ነው ቁረጥ ያለህ?»

«እኔን ማን ያዘኛል?»

«እንግዲያው ተሳሳትኩ በልና ቤትህ ግባ።»

እዚህ ላይ እንዳላማው በራሱ ጊዜ ጨመረበት፤ «አያ ገብረ ኪዳን፣ በማርቆስ ይዤዎታለሁ፣ አንዲት ቃል ናት።»

«አንዲት ብትሆንም ውሸት ናት። የተሳሳተው ቁጥቋጦው ነው።»

እንዳላማው ዘወር አለና ለጣሊያኑ፣ «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላል» ብሎ ተረጐመ። የኮማንዳንቴው ፊት ፈታ አለ። አቶ ገብረ ኪዳን ጣሊያንኛ አይሰሙም፤ ግን የፊቱን መፈታት አይተው ነገሩ ሸተታቸው። ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። በአንድ እጃቸው ጉቶውን እያመለከቱ በሌላው የመቁረጥ ምልክት አሳዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡ። ጉቶው እያመሰገነ መሆኑ ነው።

ሃያ አለንጋ ተገረፉ። በየአምስቱ እያስቆመ፣ «ተሳሳትኩ ትላለህ?» ይላቸዋል። በየአምስቱ የጌሾን አቆራረጥ ያስረዱታል። ከዚያ እስከ ፋሲካ ታሰሩ። እስር ቤት ውስጥም የእስረኞቹን ጢም ሁሉ ጨረሱት አሉ።

ሲፈቱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ሻይ ቤት ሲገቡ ያ የሚሞላው አግዳሚ ባዶ ሆነ፤ ሁሉም ተነሥቶ ይቀመጡ አላቸው። የብርጓል ሻይ በጤና አዳም አመጣችላቸው፤ በራፏ ላይ ዳግመኛ ያበቀለችው ነበር። ሽማግሌዎች ጆሯቸው ሥር ገብተው «እንኳን ተወለድክ» አሏቸው። እርሳቸው ይህ ሁሉ ክብር ከየት እንደመጣ አልገባቸውም። በመጨረሻ ሰዉ ስለ ቀጋው አቆራረጥ ገብቶት ይሆናል ብለው ደስ አላቸው።

እኔ ያችን እቅፍ አጥሬ ሥር ሰክቻት ነበር። ከመካከሏ አንዷ ከሥር የተነጨ ቡቃያ ነበረችና ያዘች። ክረምቱን አደገች። ጥር ሲመጣ ቅጠሏን አራግፋ እንቡጥ ያዘች፤ አሥራ አራት ናቸው፣ በየማለዳው እቆጥራቸው ነበር። አቶ ገብረ ኪዳን በዚያ በኩል ሲያልፉ እንዳያዩዋት ሰሌን ጋርጄባት ነበር። ዝም ብዬ ተመልካች ሆኜ ብቀር ኖሮ አሥራ አራት አበባ አይ ነበር።

ጣሊያን ገና ከተማው ውስጥ ሳለ፣ በዚያው ጥር አንድ ቀን በደጄ ሲያልፉ አየኋቸው። ጀርባቸው ገና ቀጥ አላለም። ማጭድ አልያዙም፤ ወይዘሮ ሥራነሽ ከጎታው አላወጣችላቸውም። ዙሪያውን ያያሉ፤ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ከፍርሃትም ከአክብሮትም ደብቆባቸዋል። እንደዚያ ባዶ እጃቸውን ሆነው ሳያቸው የአጥሬን በር ከፈትኩ። «ይግቡ» አልኳቸው። ሰሌኑን ራሴ ገለጥኩት።

ጎንበስ ብለው ቅርንጫፏን አገላብጠው አዩ። «ይህች ታማለች» አሉ።

«አውቃለሁ» አልኩና ገብቼ ያንኑ ማጭድ አመጣሁላቸው። መቁረጥ ሲጀምሩ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከጫካው ትእዛዝ እስከ ነጩ ፈረስ ድረስ የሚወራውን ሁሉ ነገርኳቸው። «አያ ገብረ ኪዳን፣ ለእኔ እንኳ ይንገሩኝ፤ ወሬው እውነት ነው?»

አስካሪዎቹ ሠፈር ድረስ በሚሰማ ድምፅ መለሱልኝ።

«ትእዛዝ አልመጣልኝም። ጎህ ሳይቀድ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ እሾህ በጨለማ የሚቆርጥ ማን ነው? ጎራዴ አይደለም፣ ይኸው የአንተው ዶልዱም ማጭድ ነው። ፈረስ ኖሮኝ አያውቅም። ለምልክት አይደለም፣ ዶሮ ጐመን እንዳይበላ ነው። ዝምም አላልኩም፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረድቻቸዋለሁ፣ የሚሰማ ጠፋ እንጂ። ታሞ ነበር፣ ቆረጥኩት። ዘወር በልልኝ፣ ያችን ጫፍ ጋርደህብኛል።»